የአንድ ወገን ቀጠሮ

ሐያሲያን ልቦለዱን፣ ግጥሙንና ተውኔቱን ሲያገላብጡ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ሳይነካ ቀርቷል። ደራሲው ስሙንና የቢሮ ቁጥሩን ከላይ ያሰፍራል፤ አንባቢው ወደደም ጠላም ይቀበለዋል፤ ዕድሜው ከአንድ መንፈቀ ዓመት አያልፍም። "ኮርስ አውትላይን" ይባላል። ኮሌጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሞኑን ከልዩ ልዩ ኮሌጆች የተገኙ ጥቂቶቹን ከፊቴ ደርድሬ እንደማንኛውም ድርሰት አነበብኳቸው። ዓይኔን የጣልኩት በመጨረሻው ገጽ ላይ "የኮርሱ ፖሊሲ" ተብሎ ስለ አቴንዳንስና ስለ አሳይንመንት ማስረከቢያ ቀን በተጻፈው ላይ ነው።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ይህ አያስገርምም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። የሚያስገርመው ድምፁ ነው። አይፈቀድም፣ ተቀባይነት የለውም፣ ነጥብ ይቀነሳል... የማይፈቅደው ማን ነው? የሚቀንሰውስ? ባለቤት የለውም። ያው አስተማሪ ክፍል ገብቶ በአማርኛ ሲያስረዳ ይቀልዳል፣ ይቆጣል፣ ይመክራል። ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ግን ሰውነቱን በር ላይ ትቶ የሚገባ ይመስላል።

ወደ ይዘቱ እንለፍ። አንደኛው አውትላይን ከክፍለ ጊዜው ከመቶ ሰማንያውን ያልተከታተለ ተማሪ ለማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም ይላል። እናስላው። በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። ተማሪው ሊቀር የሚችለው 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለቀን ተማሪ ይህ ለጋስ ደንብ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደ እንደቀረ ይቆጠራል የሚል መስመር ይከተላል። ከሳሪስ 11:30 ላይ ከሥራ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዞ፣ በ12 ሰዓት አራት ኪሎ የሚጀመር ክፍል ለሚገባ የማታ ተማሪ ያች መስመር ለጋሱን ደንብ በአንድ ወር ትበላዋለች። ሰውየው ግን ሰነፍ አይደለም። ከሥራው ቀርቶ ቢማር ደግሞ የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በአንጻሩ ደንቡ ሊይዘው የተነሳውን አይዝም። እኔ ዲፕሎማዬን በማታ ስማር የአቴንዳንስ ወረቀት ከፊት ወንበር ተነስቶ የኋላው ጋ ሲደርስ ፊርማው ከሰዉ ይበልጥ ነበር። "ፈርምልኝ" የጓደኝነት መለኪያ ነበረች። አስተማሪው ያውቃል፤ ሬጅስትራሩም ሳያውቅ አይቀርም። ወረቀቱ ግን ሞልቷልና ሁሉም ሰላም ነው። ደንቡ የፈለገው የተማሪውን ጆሮ ይመስለን ነበር፤ ለካስ የረካው በስሙ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የቀን ገደብ ጠላት ነኝ ማለት አይደለም። እንጀራዬ በቀን ገደብ የተጋገረ ነው። ጽሑፌ በቀኑ ካልደረሰ አራሚው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ገጹ አይቀናበርም፣ ማተሚያ ቤቱ ተራውን ለሌላ ይሰጣል፣ አዟሪው ባዶ እጁን ይቆማል። መዘግየቴ የማንን ሥራ እንደሚያቆም አውቃለሁ። ስለዚህም ቀኑን አከብራለሁ፤ የሚያስከብረኝ ቅጣቱ አይደለም።

የአሳይንመንቱ ቀንስ ማንን ያስጠብቃል? ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ወረቀቶች አይነግሩንም። ለዘገየ አሳይንመንት በቀን ይህን ያህል ነጥብ ይቀነሳል ይላሉ። አስተማሪው መቼ አርሞ እንደሚመልስ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። ተማሪው ሌሊቱን ተቀምጦ ሰኞ ያስረከበው ሥራ ከማጠቃለያው ፈተና በኋላ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይመለስ፣ ነጥቡ ብቻ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የት እንደሳተ ሳያውቅ ወደ ሚቀጥለው ኮርስ ይሻገራል። ቀጠሮ በአማርኛችን የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፤ አንዱ ብቻ የሚቀርብበት ቀጠሮ ምን ይባላል?

የቆየውን ትምህርት ቤታችንን እንይ። የቅኔ ቤት ተማሪ ፊርማ አይጠየቅም። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም እያለ ወደ መወድስ የሚሻገረው ቀን ስለደረሰ ሳይሆን ስለቻለ ነው። የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ይሰማል፣ እዚያው ያቀናል። ቅኔ ቤት ገነት ነበረ ማለቴ አይደለም። ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ መማር ነበረበት፤ ስንቱም መንገድ ላይ ቀርቷል። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ተማሪው ያቀረበውን የሚሰማ ጆሮ በቀጠሮው ሰዓት ይገኝ ነበር።

ለአስተማሪዎቻችን ፍርድ ይገባቸዋል። ስድሳ ሰው በታጨቀበት ክፍል፣ በዚያውም ላይ ሁለትና ሦስት ክፍል ይዞ፣ የእያንዳንዱን ወረቀት በሳምንት አርሞ መመለስ ቀላል አይደለም። ደንቡን ያጠበቁትም ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ለአንዱ ይቅርታ ሲደረግ አሥሩ የሐኪም ወረቀት ይዘው እንደሚሰለፉ በልምድ ስለሚያውቁ ነው። ልቅነትም ግፍ አለው፤ በቀኑ ያስረከበውን ትጉህ ያስቀናል። ይህ እውነት ነው። ግን ጥብቅነት ምክንያት ከመናገር አይከለክልም።

ከደረደርኳቸው መሐል ይህን የተረዳ አንድ ወረቀት አግኝቻለሁ። ደራሲዋ መምህርት ናቸው። አሳይንመንቱ ረቡዕ የሚሰበሰበው ለዓርቡ ውይይት መነሻ ስለሚሆን ነው ይላሉ፤ ካለፈ ውይይቱ ያልፋልና አልቀበልም ይላሉ። ለማታ ተማሪ የሰዓት ችግር ካለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቀድሞ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። እርሳቸውም ወረቀቱን የሚመልሱበትን ቀን ጽፈዋል። ደንባቸው ከሌሎቹ አይላላም፤ እንዲያውም ይጠብቃል። ግን "እኔ" የሚል ሰው አለበት። በዚህ ዘርፍ ያነበብኩት ምርጥ ድርሰት ይህ ነው።

ጥንት በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። የሚያቆመው ጉልበት አልነበረም፤ ሕጉ ለሁለቱም ነው የሚል እምነት ነበር። አውትላይን ጸሐፊዎቻችን በሚቀጥለው መስከረም ወረቀታቸውን ከማባዛታቸው በፊት ከእያንዳንዱ "አይፈቀድም" ሥር አንዲት "ምክንያቱም" ይጨምሩ፤ ከተማሪው ቀን ጎንም የራሳቸውን ቀን ያስፍሩ። ተማሪው ያን ጊዜ ቢዘገይ የሚወቀሰው እርሱ ብቻ ይሆናል።