ስለ እኛ የተዘፈነውን ዘፈን ስለ መመርመር

በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1980 እስከ 1989 በነበሩት ዓመቶች ሮክና ፖፕ የሚባለው የፈረንጆች ዘፈን በዓለም ሁሉ እጅግ ገንኖ ነበር። ከዚያ ዘመን ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዘፋኞቻቸው ወጣትነት ጋራ አብረው አልፈዋል፤ በአገራችን ረኀብ ምክንያት የተዘፈኑት ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተረሱም። አንደኛው «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው የሎንዶን ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው «ዓለም እኛው ነን» የሚል ስም ያለው የአሜሪካ ዘፈን ነው። የሎንዶኑ አርባኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ቀድሞ በየጊዜው የዘፈኑት ሰዎች ድምፅ ተቀላቅሎ፣ እንደ አዲስ ታትሞ ወጥቷል። ስለ እኛ የተዘፈነ ነውና እኛም ብንመዝነው ነውር አይሆንም። የምንመዝነው ግን ዘፈኑን ብቻ ነው፤ ምጽዋቱን አይደለም። የተራበን ያበላ ሰው ዋጋው በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ እህሉንም የበላ ሰው ግጥሙ ደካማ ነበር ብሎ ውለታውን ሊክድ አይገባውም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር የቢቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሚስተር ማይክል በርክ፣ ሥዕሉን ካነሡት ከሚስተር መሐመድ አሚን ጋራ በኮረም ያዩትን መከራ ለዓለም አሳዩ። የአየርላንዱ ዘፋኝ ሚስተር ቦብ ጌልዶፍ ይህን አይተው ከስኮትላንዱ ከሚስተር ሚጅ ዩር ጋራ ዘፈኑን ደረሱ፤ በዚያ ጊዜ የታወቁትንም ዘፋኞች ሰብስበው ኅዳር 16 ቀን፣ በአንድ እሑድ፣ ሎንዶን ላይ አስቀዱት። በእኛ አገር ጾመ ነቢያት የገባው በዋዜማው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሸክላ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተገኘ። የአሜሪካኖቹን ዘፈን ሚካኤል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ደረሱት፤ ኵዊንሲ ጆንስ መሪነት ጥር 20 ቀን ማታ ተጀምሮ ለአስተርእዮ ማርያም ማለዳ ተቀድቶ አለቀ። ከእርሱም የተሰበሰበው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በሎንዶን ዌምብሌና በአሜሪካ ፊላዴልፊያ፣ በሁለት ታላላቅ ስታዲዮሞች፣ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የዘፈን ጉባኤ ተደረገ። ገንዘቡ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ሌላ ብዙ ጽሑፍ የሚሻ ነገር ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ገና መሆኑን ያውቃሉን?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወገራ ምድር፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የምትጠራውን አምባ ጊዮርጊስን አንባቢ ያስባት። በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውርጩ ባቄላውን እንዳያቃጥልበት ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ያድራል። ለልደት ሌሊት ካህናቱ ማሕሌት ቆመው፣ ምእመናኑም ጋቢያቸውን ተከናንበው ያነጋሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ጐበዛዝቱ በሜዳ ላይ በቈልማማ ዱላ እሩሩን ያባርራሉ። ይህ ሕዝብ ገናን የሚያውቀው ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማና ንጉሥ ዔዛና ከነበሩበት ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ነገሥታት አባቶች ገና ጣዖት ያመልኩ ነበር። በጥብቅ ከተጠየቀ ግን አንድ የሚያስቅ መልስ አለ። የሎንዶን ሰዎች ገናን ባከበሩበት ቀን በእኛ አገር ታኅሣሥ 16 ነበረ፤ ስለዚህ ገና መሆኑን አላወቅንም፣ አልደረሰምና። በእውነተኛው በታኅሣሥ 29 ቀን ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር ከሁሉ በላይ የሚሸጥ እንደ ነበረ ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል።

ዘፈኑ ደግሞ በዚያ ገና በአፍሪካ በረዶ አይወርድም፣ ወንዝም አይፈስስም ይላል። ስለ ወንዙ ዐባይንና ተከዜን ለሚያውቅ ሰው መልስ መስጠት ድካም ነው። ስለ በረዶው ግን ዝም ማለት አልቻልንም። በአዱሊስ ቆሞ የነበረውንና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት የገለበጠውን የድንጋይ ጽሕፈት ያስጻፈው ንጉሥ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ በረዶው ሰውን እስከ ጕልበቱ ድረስ ያሰጥም እንደ ነበር ተናግሯል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ዛሬም አንዳንድ ጊዜ በረዶ ለብሶ ያድራል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ብሎ በገጣሚው ላይ መሣለቅ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም አድርገውታል። እኛን የሚያሳስበን ጥያቄው ሌላ ትርጓሜ ሊኖረው መቻሉ ነው። በኮረም ሜዳ ሕፃኑን ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ዕለቱ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርን? ለምእመን ሁሉ የታዘዘው ጾም ብቻ በዓመት 180 ቀን ያህል በሚሆንበት አገር፣ ሆድን ባዶ ማድረግ መሥዋዕት ነው፤ ሰው በፈቃዱ ለአምላኩ የሚያቀርበው ስጦታ ነው። ረኀብ ግን ይህን ስጦታ ከሰው እጅ ይነጥቃል። የሚበላው ያጣ ሰው ሊጾም አይችልም፤ መጾም ያልቻለም ሰው የሚፈታው ጾም የለውም፣ ስለዚህ በዓሉ ከሌላው ቀን አይለይለትም። ጥያቄው በዚህ መንገድ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ከዘመኑ ዘፈኖች ሁሉ የከበደ ጥያቄ በሆነ ነበር። ገጣሚው በሩ ላይ ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ፤ በበሩ ውስጥ ያለው ቤት ምን ዓይነት እንደ ሆነ አላወቀምና።

ከዚህ የባሰ ስንኝ ደግሞ አለ። ቦኖ የተባለው አየርላንዳዊ በኀይለኛ ድምፁ የዘፈነው ሲሆን፣ መከራው በአንተ ፈንታ በእነርሱ ላይ ስለ ሆነ እግዚአብሔርን አመስግን የሚል ትርጓሜ አለው። ይህ በቤተ መቅደስ ቆሞ እንደ ሌሎቹ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ ያለው የፈሪሳዊው ጸሎት ነው። ስንኙ ሰሚውን ለማሳፈር የተነገረ ምፀት ነው የሚሉ ጠበቆች አሉት፤ አነጋገሩን ስንሰማው እኛም ያልሆነ ነው አንልም። ነገር ግን ምፀት የሚያዋጣው በጥቂት ሰዎች ፊት ነው፤ ሚሊዮኖች በበዓል ማዕድ ዙሪያ ሲዘፍኑት ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል። በ2007 ዓ.ም. ለኢቦላ በሽተኞች እንደ ገና በተዘፈነ ጊዜ ይህ ስንኝ ተለውጧል። በዚያው ጊዜ የጋና ተወላጅ የሆነው ፊውዝ ኦዲጂ ዘፈኑ አፍሪካን ያሳንሳል ብሎ አልዘፍንም አለ።

የአሜሪካኑ ዘፈን በዜማው ይበልጣል። ጥቁር አሜሪካውያን በቤተ ክርስቲያናቸው ያሳደጉት የመቀባበል ስልት ስላለበት፣ አንዱ ድምፅ ሲደክም ሌላው ያነሣዋል፤ ሬይ ቻርልስ ሲገባ ዘፈኑ ከመቅጽበት ጸሎት ይመስላል። በግጥሙ ግን ከባድ ስሕተት አለበት። እግዚአብሔር ድንጋዩን እንጀራ በማድረግ እንዳሳየን ይላል። በወንጌል ግን ድንጋዩ እንጀራ ይሁን ያለው ፈታኙ ነው፤ ጌታችንም እንቢ ብሎታል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዱን ቢጠይቁ ኖሮ ያርማቸው ነበር። በዚያች ሌሊት ስቲቪ ዎንደር ከግጥሙ ጥቂቱ በስዋሒሊ ይሁን ብሎ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ስዋሒሊ አይናገሩም ተብሎ ቀረ። እርሱው የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት ወደ አዳራሹ ገብተው ዘፋኞቹን ባመሰገኑ ጊዜ ብዙዎች አለቀሱ ይባላል። ከዘፈኑ ይልቅ ይህችን ጊዜ ብንሰማ በወደድን ነበር።

የሁለቱ ዘፈኖች ዋና ጕድለት ግን ለእኛ በሌላ በኩል ይታየናል። የሎንዶኑ ዘፈን እንደ ሙሾ ቀስ ብሎ፣ በከባድ ከበሮና በደወል ይጀምራል፤ ፍጻሜው ግን እንደ ሠርግ ቤት ዘፈን ነው፣ አዝማቹን ሁሉም በአንድነት እየደጋገሙ ይጮኻሉ። የተወደደውም በዚህ አዝማች ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ሰምቶ ሊቀበለው ይችላል። በአገራችን ሙሾ የሚያወርድ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሟቹን ስም ይጠራል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ አገሩን፣ ሙያውን፣ በሬውን ሳይቀር ያነሣል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጠን ያለፈውን ልቅሶ ብትከለክልም፣ ስም ጠርቶ ማልቀስ ለሟች ክብር መሆኑን ማንም አይክድም። በሎንዶኑ ዘፈን ውስጥ አፍሪካ የሚል እንጂ ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለም፤ በአሜሪካኑ አፍሪካም የለችም። ኮረም የለም፣ ወሎ የለም፣ ትግራይ የለም። ስሙ ያልተጠራ ሟች የተለቀሰለት ማን ነው?

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት አንድ ነገር መናገር አለብን። ስሙን ሊጠሩ ይገባቸው የነበሩት የአገሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ አፋቸው ተይዞ ነበር። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛውን የአብዮት በዓል በብዙ ወጪ ሲያከብር ስለ ረኀቡ በግልጥ እንዳይነገር አድርጎ ነበር። የዘፈን ግጥም በመርማሪ ዐይን ሳያልፍ አይወጣም፤ የሰዓት እላፊ ስላለ ሙዚቀኞች በየሆቴሉ ከሰሚዎቻቸው ጋራ ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። የሐዘንና የንስሐ መሣሪያ የሆነው በገናም ከሬዲዮ ርቆ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ስለ ረኀብተኞች ያዜመው «ዋይ ዋይ ሲሉ» ሰውን ሁሉ አስለቅሷል፤ ለዚህ ዘፈን የከበሮ ብዛት አላስፈለገውም።

የኤውሮፓ ሰዎች የእኛን ድምፅ ከእኛ አፍ የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። በ1986 በኤውሮፓ አቈጣጠር በብራስልስ ያለው ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በሸክላ አወጣ፤ ዘፈኖቹ ከረኀቡ ዓመቶች በፊት የተቀዱ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ጎንደር ተወልዳ በአሜሪካ ትኖር የነበረችው አስቴር አወቀ ሎንዶን ካለው ከትሪፕል ኧርዝ ጋራ አዲስ ሸክላ አወጣች። ከተማው ያው የሎንዶን ከተማ ነው። ቋንቋው ግን አማርኛ ነው፤ ዜማው በቅኝታችን የሚሄድ፣ የፈረንጅ የናስ መሣሪያዎች የሚያጅቡት ነው፤ ነገሩም ፍቅርና ናፍቆት ነው። ድምፅዋ ከፍ ብሎ እንደ መሰንቆ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃሉን የማይሰማው እንግሊዛዊ እንኳ የሚለምነው ሰው እንደሌለ ያስተውላል። ሸክላው ሌላ ስም አልተሰጠውም፤ በላዩ የተጻፈው «አስቴር» የሚል ነው።