«ንጉሡ የት አለ?»
ዕርቃንና አንጻር በሬምብራንት «ቤርሳቤህ»

መነሻ

በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ሥዕልና ስለ ሐውልት፣ ያውም ልብስ ስለሌለው የሰው ገላ መጻፍ ከመንገድ መውጣት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ወደዚህ ርዕስ የመጣሁት በሥነ ጽሑፍ በኩል ነው። ከዓመታት በፊት በልብ ወለድ ትምህርት ስለ አንጻር በማስተምርበት ጊዜ፣ የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1654 የሣላትን ቤርሳቤህን ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ ገልጬ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ዓላማዬ አንድ የታወቀ ታሪክ በሌላ ዓይን ሲታይ ምን ያህል እንደሚለወጥ ማስረዳት ነበር። ከፊት ከተቀመጡት ወንዶች ጥቂቶቹ ተያይተው ሣቁ፤ አንዳንዶቹ አቀረቀሩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አውጥታ፣ «ንጉሡ የት አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሰዓሊው አላስገባውም» ብዬ አለፍኩት። መልሴ የተሳሳተ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ለማሳየት የምሞክረውም ዕርቃንን የሚያሳይ ሥራ ሲመዘን ዋናው ጥያቄ «ምን ያህሉ ተገለጠ?» የሚለው ሳይሆን «ማን ነው የሚያየው? ከየትስ ቆሞ?» የሚለው መሆኑን ነው።

1. ራቁትና ዕርቃን

ብዙዎቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ የምንመረኮዘው በእንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ በኬኔት ክላርክ ላይ ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ ልብሱን የተገፈፈ ሰው አንድ ነገር፣ በጥበብ የተሠራ ልብስ አልባ ገላ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ተነሣ። በእሱ አመለካከት የመጀመሪያው ኀፍረትና መሳቀቅ ያለበት ሁኔታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሚዛኑን የጠበቀ፣ በራሱ የሚተማመን፣ በሰው ሐሳብ እንደገና የተገነባ ቅርጽ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ልዩነት የሚመች ጥንድ ቃል አለው። «ራቁት» እና «ዕርቃን» ከአንድ የግእዝ ሥር የወጡ ቢሆኑም በድምፀታቸው ይለያያሉ። «ራቁቱን አስቀሩት» ስንል ልብሱን ብቻ ሳይሆን ያለውን ሁሉ ያጣ ሰው በዐይናችን ይመጣል። «ዕርቃን» ግን ይበልጡን የመጻሕፍት ቃል ነው፤ ረጋ ያለ፣ ራቅ ብሎ የሚያይ ቃል ነው። እኔም የክላርክን ልዩነት ለተማሪዎች ሳስረዳ ለዓመታት የተጠቀምኩት በእነዚህ ሁለት ቃላት ነበር።

ልዩነቱን የወደድኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁትን የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንነቱን የማላውቀው ሰው በጥቁር ቀለም የምስሎቹን ገላ እየሸፈነ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ዘልቆት ነበር። በጣም ተናደድኩ። ክላርክን ሳነብም ለዚያ እጅ የሚሆን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፤ «አንተ ያየኸው ራቁትን ነው፤ በገጹ ላይ ያለው ግን ዕርቃን ነው» የሚል።

ይህ መልስ ለአንዳንድ ሥራዎች ዛሬም የሚበቃ ይመስለኛል። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1504 የቀረጸውን «ዳዊት» እንውሰድ። ከእሱ በፊት ሌሎች ቀራጺዎች ጀምረው ከተዉት የእብነ በረድ ቋጥኝ የወጣው ይህ ሐውልት ቁመቱ 5 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ በፍሎሬንስ ከተማ በአካዳሚያ ቤተ መዘክር ይገኛል። ወጣቱ ወንጭፉን በግራ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ጎን ይመለከታል። መጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ለብሶ መራመድ ስላቃተው አውልቆ እንደሄደ ይተርካል። ቀራጺው ይህን ማውለቅ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ስለዚህ እዚህ ላይ ልብስ አልባነት የታሪኩ ጭብጥ ሆኗል፤ ሰው ከጥሩርና ከጋሻ ውጭ ምን አለው? የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው ገላው ራሱ ነው። በአማርኛ «ራቁት» የሚለው ቃል የተሸከመው ማጣት፣ በሐውልቱ ላይ ኃይል ሆኖ ተገልብጧል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ዳዊት እኛን አያየንም። ዓይኑ ያለው ከጎልያድ ላይ ነው። እኛ መኖር አለመኖራችን ለእሱ ምንም አይደለም።

2. ተመልካቹ ሲገባ

በጥንታዊት ግሪክ ልብስ አልባ ሆነው በትልልቅ ሐውልቶች ይቀረጹ የነበሩት በአመዛኙ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ልብስ ለብሰው ይቆማሉ። ይህን ልማድ በመለወጥ የሚታወቀው በ4ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. የነበረው ቀራጺ ፕራክሲቴሊስ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ ፕራክሲቴሊስ ሁለት የአፍሮዲቴ ሐውልቶችን ለሽያጭ ሲያቀርብ የኮስ ደሴት ሰዎች ጨዋነትን አስበው ልብስ የለበሰችውን ወሰዱ። የተረፈችውን የገዙት የክኒዶስ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ኒኮሜዲስ የተባለ ንጉሥ ሐውልቷን ከሰጡት የከተማዋን ዕዳ በሙሉ እንደሚከፍል ቢነግራቸውም እምቢ አሉ። ዋናው ሥራ ዛሬ የለም፤ መልኩን የምናውቀው በሮማውያን ዘመን ከተቀረጹ ቅጂዎች ነው።

በእነዚህ ቅጂዎች ላይ አምላኳ ለመታጠብ ልብሷን አኑራ ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ኀፍረቷን ይጋርዳል። ለእኔ የዚህ ሐውልት ቁልፍ ያ እጅ ነው። ብቻውን ያለ ሰው ገላውን አይጋርድም። እጁ የተነሣው አንድ ሰው ስለገባ ነው። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ብንናገር፣ ተመልካቹ ከታሪኩ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ስሙ ያልተጠራ ገጸ ባሕርይ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሴት ዕርቃን ታሪክ በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ በአብዛኛው የዚህ ስም አልባ ገጸ ባሕርይ ታሪክ ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1538 ያጠናቀቃትና ዛሬ በፍሎሬንስ በኡፊዚ የምትገኘው «የኡርቢኖዋ ቬኑስ» በአልጋዋ ላይ ተጋድማ ቀጥ ብላ ታየናለች። ከኋላዋ ሁለት አገልጋዮች በልብስ ሣጥን ዙሪያ ይታያሉ፤ ከእግሯ ሥር ትንሽ ውሻ ተኝቷል። የቆዳው ሙቀት፣ የአንሶላው ነጭነት፣ የቀዩ ፍራሽ ድምቀት ሰዓሊው የደረሰበትን ከፍታ ይመሰክራሉ። የሚገርመው ግን ሥዕሉን የገዛው ጉዊዶባልዶ ዴላ ሮቬሬ በደብዳቤው ላይ «ቬኑስ» ብሎ አልጠራትም፤ ራቁቷን ያለችውን ሴት ነበር ያለው። እኛ የአምላክ ስም ሰጥተን «ዕርቃን» ያልነውን፣ ከፍሎ የወሰደው ሰው «ራቁት» ብሎታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሐያሲው ጆን በርገር የክላርክን ሐሳብ የገለበጠው ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ተነሥቶ ነው። በእሱ አስተያየት ራቁት መሆን ራስን ሆኖ መገኘት ሲሆን፣ በሥዕል ዕርቃን መሆን ግን በሌላ ሰው መታየትና ለዚያ ዓይን መሰናዳት ነው። ቀድማ በተግባር የተናገረችም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1914 ሜሪ ሪቻርድሰን የተባለች ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገል ሴት፣ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር የነበረውን የቬላስኬዝን ቬኑስ በስለት ቀደደችው። በጊዜው የሰጠችው ምክንያት የትግል መሪዋ የኤመሊን ፓንክኸርስት መታሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ግን ወንዶች ሥዕሉን አፍጥጠው ማየታቸው ያስቆጣት እንደነበር ጨምራ ተናግራለች። ሥዕል መቅደድን አልደግፍም። ነገር ግን የዚህችን ሴት ቁጣ ከዚያ የቤተ መጻሕፍት ቀለም ጋር አንድ አድርጌ ማየት አልችልም። ባለ ቀለሙ የተቆጣው በገላው ላይ ነው፤ እሷ የተቆጣችው በዓይኑ ላይ ነው።

3. ደብዳቤዋን የያዘች ሴት

አሁን ወደ ቤርሳቤህ እንመለስ። ሥዕሉ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኝ ሲሆን ቁመቱም ወርዱም 142 ሳንቲ ሜትር ነው። ቤርሳቤህ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት አሮጊት አገልጋይ ጎንበስ ብላ እግሯን ታሰናዳላታለች። ገላዋ ወደ እኛ የዞረ ነው፤ ፊቷ ግን በጎን ይታያል፤ አቀርቅራለች። በቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ደብዳቤ ይዛለች። አንብባ ጨርሳለች። ገላዋ እንደ ክኒዶሷ አምላክ የተመዘነ አይደለም፤ ሆዷ ይከብዳል፣ እጆቿ የሥራ እጅ ይመስላሉ።

የታሪኩን ጽሑፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ዳዊት ማታ ከመኝታው ተነሥቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ የምትታጠብ ሴት ያያል፤ ልኮም ያስመጣታል። ትረካው የሚሄደው በንጉሡ አንጻር ነው፤ የሚያየው እሱ፣ የሚልከው እሱ፣ የሚያዘው እሱ ነው። ቤርሳቤህ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መፅነሷን በመልእክት ማሳወቅ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንዳሰበች፣ እምቢ ማለት ይቻላት እንደሆነ ተራኪው አይነግረንም። እኛም ዳዊት ደግመን ያደግን ሰዎች የንጉሡን ጸጸት ከመዝሙር 50 በቃላችን ይዘናል። የእሷ ግን በቃል የምንይዘው ነገር የለንም።

ሬምብራንት የገባው ወደዚህ ዝምታ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ለቤርሳቤህ የተላከ ደብዳቤ የለም፤ መልእክተኞች ናቸው የተላኩት። በምዕራፉ ያለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ባሏ ኦርዮ የገዛ ሞቱን ሳያውቅ ይዞ ወደ ኢዮአብ የሄደው። በሴቲቱ እጅ ደብዳቤ ማስያዝ የሰዓልያን ፈጠራ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ግን ይህን ወረቀት ሲያይ ያኛውን ከማስታወስ አያመልጥም። ስለዚህ ደብዳቤው በሥዕሉ ውስጥ ንግር ሆኖ ይሠራል፤ ገና የምትጠራዋ ሴት የባሏን ሞት በጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። በራጅ የተደረገ ምርመራ እንደሚያሳየው ሰዓሊው መጀመሪያ ላይ ራሷን ቀና አድርጎ ሥሎት ነበር፤ ኋላ ነው ያቀረቀረችው። ይህ ትንሽ እርማት ሥዕሉን ከመታየት ወደ ማሰብ ያሻገረው ይመስለኛል።

ሥዕሉ በተሠራበት በዚያው ዓመት ከሬምብራንት ጋር ያለ ጋብቻ ትኖር የነበረችው ሄንድሪክየ ስቶፈልስ በአምስተርዳም በቤተ ክርስቲያኗ ሸንጎ ፊት ቀርባ ከቅዱስ ቁርባን ታግዳለች። ለቤርሳቤህ አምሳያ የሆነችው እሷ ናት ብለው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። ግምት ስለሆነ ክርክሬን አልመሠርትበትም። ሆኖም በሴት ገላ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል በዚያ ቤት ውስጥ በሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም።

ታዲያ ንጉሡ የት አለ? ሌሎች ሰዓልያን ይህን ታሪክ ሲሥሉ ብዙውን ጊዜ ዳዊትን በሩቅ ሰገነት ላይ ያሳዩታል፤ ተመልካቹም የሚያፈጠው ያ ሰው ነው ብሎ ራሱን ነጻ ያወጣል። ሬምብራንት ያንን ማምለጫ ዘጋ። የዳዊት ቦታ ባዶ አይደለም፤ እኛ ቆመንበታል። መጀመሪያ ዓይናችን የሚሄደው ብርሃኑ ወዳረፈበት ገላ ነው፤ ይኸውም የንጉሡ እይታ ነው። ቀጥሎ ደብዳቤውን፣ ቀጥሎ ፊቷን እናያለን። ንጉሡ ከሰገነቱ ሊያየው ያልቻለው ይህን ፊት ነው። በአንድ ሸራ ላይ ሁለት አንጻር አለ፤ በመጀመሪያው ገብተን በሁለተኛው እንወጣለን።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰዓሊው ፊቷን ወደ ጎን አዙሮ ገላዋን ወደ እኛ ማዞሩ፣ ከቲሺያን ገዢ ፍላጎት በምን ይለያል? ብሎ የሚጠይቅ አይሳሳትም። ሥዕሉ የሚያወግዘውን ዓይን መጀመሪያ ይጋብዘዋል። እኔ ግን ኃይሉ ያለው በዚሁ ላይ ነው እላለሁ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ በቀጥታ አልገሠጸውም፤ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ተረከለት። ንጉሡም በታሪኩ ተስቦ በባዕድ ሰው ላይ ፈረደ፤ ፍርዱም ተመልሶ በራሱ ላይ አረፈ። የሬምብራንት ሥዕል አካሄድ የናታን አካሄድ ነው።

ማጠቃለያ

የሚኬላንጄሎ «የመጨረሻው ፍርድ» ላይ ያሉትን ገላዎች እ.ኤ.አ. በ1565 ጨርቅ እየሣለ የሸፈናቸው ዳኒዬሌ ዳ ቮልቴራ «ሱሪ ሰፊው» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እኔም እንደ ሌሎቹ ስሥቅበት ኖሬያለሁ። ዛሬ ሣቄ ቀንሷል፤ የሸፈነው ልክ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሸፋኙም፣ አፍጣጩም፣ «ጥበብ ስለሆነ ቅርጹን ብቻ እዩ» ብለን ያስተማርነው እኛም በአንድ ነገር ተስማምተን ነበር፤ ጉዳዩ የቆዳ ጉዳይ ነው ብለን። ሦስታችንም የራሳችንን መቆሚያ አልጠየቅንም።

ስለዚህ ዕርቃንን የሚያሳይ ሥራ ፊት ለሚቆም ተማሪ የማቀርበው ምክር ልብ ወለድ ሲያነብ ከምሰጠው የተለየ አይደለም። ማን ያያል? የሚታየው ሰው መታየቱን ያውቃል? የሚያስበው ነገር ተሰጥቶታል ወይስ ገላው ብቻ? ሚኬላንጄሎ ለዳዊቱ ጠላትና ቁርጥ ሐሳብ ሰጥቶታል። የቲሺያን ቬኑስ እያወቀች ታየናለች፤ ከዚያ በላይ የተሰጣት ነገር ግን ጥቂት ነው። ለቤርሳቤህ ሬምብራንት ደብዳቤና ዝምታ ሰጥቷታል፤ የሰጣት ግን ከእኛ ከተመልካቾቹ ላይ ወስዶ ነው።

ያች ተማሪ ዛሬ ብትጠይቀኝ «አላስገባውም» አልላትም። መጽሐፉን ወደ እሷና ወደ ሣቁት ልጆች አዙሬ፣ እኔም አብሬያቸው ቆሜ፣ ጥያቄውን መልሼ ለሁላችንም አቀርበው ነበር።