ሃያ ደቂቃ ስለ አንድ ሕፃን ምን ያህል ይነግረናል? የሜሪ ኤይንስዎርዝ ሙከራ በመሐንዲስ ዓይን

አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር አይቶት ወደማያውቅ ክፍል ይገባል። ወለሉ ላይ አሻንጉሊቶች አሉ። ጥቂት ቆይታ የማያውቃት ሴት ትገባለች። እናትየው ትወጣለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትወጣለች። በሁለተኛው ዙር ሕፃኑ ለብቻው ይቀራል። መጀመሪያ እንግዳዋ፣ ከዚያ እናትየው ትመለሳለች። በጠቅላላው ስምንት ክፍሎች፣ አንዱ ክፍል ቢበዛ ሦስት ደቂቃ፣ ድምሩ 20 ደቂቃ ገደማ። ልጁ በጣም ካለቀሰ ክፍሉ ያጥራል።

ይህ «የእንግዳ ሁኔታ» የሚባለው ሙከራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስዎርዝ ከባልደረቦቿ ጋር በ1960ዎቹ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ቀረጸችው። ዋናው ነገር ለቅሶው አይደለም። የሚታየው እናት ስትመለስ ልጁ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ወደ እናቱ ሄዶ፣ ተጽናንቶ፣ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ «ቢ» ይባላል፤ ቁርኝቱ አስተማማኝ ነው ማለት ነው። ፊቱን አዙሮ እንዳላያት ከሆነ «ኤ»። እቀፊኝ እያለ፣ ስታቅፈው ደግሞ እየገፋት፣ ንዴቱ አልበርድ ካለው «ሲ»። ዛሬ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ አእምሮ ጤና የሚጻፈው ብዙ ነገር እነዚህን ሦስት ፊደላት ተሸክሞ ነው የሚዞረው። (ስልካችሁ ላይ «የአንተ የቁርኝት ዓይነት የትኛው ነው?» የሚሉት መጠይቆች ግን ሌላ መሣሪያ ናቸው። የእነሱ ሥር በ1980ዎቹ ሁለት ተመራማሪዎች በጋዜጣ አውጥተው ለአዋቂዎች ያቀረቡት የፍቅር መጠይቅ ነው፤ ሕፃንም ክፍልም የለበትም።)

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የምሠራውም ከሴንሰሮች ጋር። ስለዚህ በ1978 የታተመውን የቡድኑን መጽሐፍ ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ የሙያዬ ጥያቄ ነበር፦ ይህ መለኪያ የተስተካከለው በማን ላይ ነው?

መልሱ አስገራሚ ነው። ታሪኩ ባልቲሞር ላይ አይጀምርም። ኤይንስዎርዝ በ1954 ወደ ኡጋንዳ ሄዳ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችንና 28 ሕፃናትን አጠናች። በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች፣ ሁለት ሰዓት ያህል እየተቀመጠች ቤታቸው ውስጥ ታያቸው ነበር። እናት ብድግ ብላ ከክፍሉ ስትወጣ የኡጋንዳ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ያለቅሱ ወይም ይከተሏት ነበር። በኋላ ባልቲሞር ላይ ሌሎች 26 ቤተሰቦችን ስታጠና ግን ያንኑ ነገር እንደጠበቀችው አላገኘችውም። እነዚህ ልጆች እናታቸው ወጣ ገባ ስትል ለምደውታል፣ ግድ አልሰጣቸውም። እንግዲህ ምልክቱ ደካማ ከሆነ ምን ይደረጋል? ማጉያውን ከፍ ማድረግ ነዋ! እንግዳ ክፍል፣ እንግዳ ሰው፣ ሁለት ጊዜ መለየት። ሙከራው የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በምህንድስና ዓይን ይህ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ብልህ መፍትሔ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለባልቲሞር ልጆች የተስተካከለው ማጉያ ሳይነካ ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ ነው።

ወደ ጃፓኗ ሳፖሮ እንሂድ። ኬይኮ ታካሃሺ በ1986 ባሳተመችው ጥናት 60 ሕፃናት ነበሩ። ከእነሱ አንድም «ኤ» አልተገኘም፤ ሲሶ የሚሆኑት «ሲ» ሆኑ። የጃፓን እናቶች ልጅ ማሳደግ አያውቁበትም ማለት ነው? ወይስ በዚያን ጊዜ ከእናቱ ተለይቶ የማያውቅ ሕፃን ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲቀር የሚሰማው ጭንቀት ለባልቲሞር ልጅ ከታሰበው እጅግ የበዛ ነው? ሠርግ ድንኳን ውስጥ ድምፁ ከልክ በላይ የተከፈተ ማይክ አስቡ። ዘፋኙ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ የምትሰሙት ያው ጩኸት ነው። ጥፋቱ የዘፋኙ አይደለም።

በጀርመኗ ቢለፌልድ የሆነው ተቃራኒው ነው። ካሪንና ክላውስ ግሮስማን ካዩዋቸው 49 ሕፃናት ግማሽ ያህሉ «ኤ» ሆኑ። እዚህ ጋ የእኔን ትችት የሚያዳክም ነገር አለ፣ መዝለል አልፈልግም። እዚያው ጀርመን ተሠርቶ በ1993 የታተመ ጥናት ከልጆቹ ጠባይ በተጨማሪ የልብ ምታቸውንና በምራቃቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ለካ። እናታቸው ስትወጣ ግድ የሌላቸው የሚመስሉት ሕፃናት ውስጣቸው የተረጋጋ አልነበረም፤ ልባቸው እንደሌሎቹ ልጆች ይመታ ነበር። ሁለተኛ ሴንሰር የመጀመሪያውን ሲደግፍ ማለት ነው። ስለዚህ «ኤ» ባዶ ፊደል ነው ማለት አይቻልም። እኔም አልልም።

በ1988 ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከስምንት አገሮች 32 ናሙናዎችን፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕፃናትን አንድ ላይ ተነተኑ። በአንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት በአገሮች መካከል ካለው አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል አሉ። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን «ባህል ያን ያህል ለውጥ አያመጣም» ብለው ያነቡታል። እኔ አልተዋጠልኝም። ከ32ቱ 18ቱ ከአሜሪካ ናቸው። ከአፍሪካ? አንድም የለም። ሐሳቡ የበቀለባት ኡጋንዳ ራሷ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በ2001 በማሊ የዶጎን ማኅበረሰብ ላይ ጥናት ሲወጣ «ኤ» የሚባል ልጅ አልተገኘም፤ ናሙናው ግን ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ንድፈ ሐሳቡ እናት የልጇን ምልክት ቶሎ አይታ ተገቢውን ምላሽ ስትሰጥ ቁርኝቱ አስተማማኝ ይሆናል ይላል። በ1997 ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ በሁለቱ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.24 ሆነ። ስኩዌር ስታደርጉት 6 በመቶ አይሞላም። አቅጣጫው ልክ ነው፤ መጠኑ ግን ባልቲሞር ላይ ከታየው በጣም ያንሳል። የአእምሮ ጤናስ? አስተማማኝ ቁርኝት የሌላቸው ልጆች በኋላ ጠበኛ የመሆን አዝማሚያቸው በ0.31 መደበኛ ልይይት ይበልጣል፤ በጭንቀትና በድብታ በኩል ደግሞ በ0.15 ብቻ። የመጀመሪያውን ወደ ተራ ቋንቋ እንመልሰው። ከሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ልጅ በዕጣ ብትወስዱ፣ «አስተማማኝ አይደለም» የተባለው ይበልጥ ጠበኛ ሆኖ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 59 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ብትገምቱ 50 ታገኛላችሁ። የሚሊዮን ልጆችን ጤና ለሚያቅድ ሰው ይህች ልዩነት ዋጋ አላት። ፊት ለፊቱ ስለተቀመጠ አንድ ልጅ ለሚወስን ሰው ግን እንደ መረጃ መቁጠር ይከብዳል። ደግሞም ይህን የሚሉት ከውጭ የመጡ ተቺዎች ብቻ አይደሉም፤ በ2021 ሰባ የመስኩ ተመራማሪዎች የቁርኝት ጥናት በፍርድ ቤቶች ልጅን ለማን ይሰጥ በሚል ክርክር ውስጥ በተሳሳተ መንገድ እየተጠቀሰ መሆኑን በጋራ ጽፈዋል።

ኤይንስዎርዝን በዚህ ሁሉ መክሰስ ግን ግፍ ነው። እሷ 20 ደቂቃዋን ብቻዋን አልተወቻትም። ከባልቲሞር ክፍል በፊት ቡድኗ በየሦስት ሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ ቤት እየሄደ፣ በእያንዳንዱ ጉብኝት አራት ሰዓት እየቆየ፣ ለአንድ ሕፃን 72 ሰዓት ያህል ምልከታ ሰብስቦ ነበር። የክፍሉ ውጤት ትርጉም ያገኘው ቤት ውስጥ ከታየው ጋር ስለተመሳከረ ነው። ተከታዮቿ በአብዛኛው አጭሯን ወሰዱ፤ 72 ሰዓቱ ውድ ነው፣ ይደክማል፣ ለሦስት ዓመት የምርምር በጀትም አይመችም።

እኔ ማየት የምፈልገው ያንን 72 ሰዓት እንደገና ነው፣ በተለይ ሕፃን ከአያት ጀርባ ወደ ታላቅ እህት፣ ከእህት ወደ ጎረቤት በሚዘዋወርበት ቤት። ኤይንስዎርዝ ራሷ ኡጋንዳ ላይ ብዙ ተንከባካቢ ያላቸው ሕፃናት አይታ ጽፋለች። እንዲህ ባለ ቤት ሙከራው ገና ሳይጀመር መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ በሩን ከፍታ የምትወጣው የትኛዋ ናት?