መጀመሪያ ሲጠባ ልየው

በወሊድ ክፍል ውስጥ አራስ እናት ደጋግማ የምትሰማው ቃል «አጥቢ» የሚለው ነው። ሐኪሙ ጠዋት ዙር ሲያደርግ ይላታል። አዋላጇ የደም ግፊት ልትለካት ስትመጣ ትላታለች። ከጎኗ የተኛችው ሴት አስታማሚ እንኳ የሕፃኑን ለቅሶ ስትሰማ «ኧረ ጡት ስጪው» ትላለች። ቤቷ ስትገባም ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካላት በኋላ ወተቱ መጣ ወይ፣ ይጠግባል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ልጁ ጡት ሲጎርስ ጀምሮ ጠግቦ እስኪለቅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የተመለከተ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጤና ጣቢያ የድህረ ወሊድ ክፍልና በቤት ለቤት ክትትል ነው። አራስ ጋ ስደርስ የመጀመሪያ ንግግሬ «ሲጠባ ልየው» ነው። ምክር ካለኝም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝቅ ያለ ወንበር ፈልጌ ዓይኔ ከሕፃኑ ፊት ትይዩ እንዲሆን እቀመጣለሁ፤ እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። አስቀድሜ የማየው እናትየውን ነው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል? ጀርባዋ የሚደገፍበት ነገር አለ? በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ የልጁ እግር ቁስሏን እየነካባት ይሆን? የታጠፈ ጋቢ ከክንዷ ሥር ሲገባላት ብቻ ግማሹ ሕመም የሚቀልላት ሴት አለች። ከዚያ ወደ ልጁ እዞራለሁ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን፣ ሆዱ ከእናቱ ሆድ መግጠሙን፣ አገጩ ጡቷን መንካቱን፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ መገልበጡን አያለሁ። በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል፣ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው መብለጥ አለበት። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ምላሱም «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ የያዘው ጫፉን ብቻ ነው ማለት ነው። በደንብ የያዘ ልጅ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይስባል፤ ወተቱ መውረድ ሲጀምር ስበቱ ይረዝማል፣ አገጩ ዝቅ ብሎ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ሲውጥ ይሰማል። ያቺን የአገጭ እረፍት ያላየች ረዳት ልጁ ወተት ማግኘቱን በእርግጠኝነት መናገር አትችልም። ጠግቦ ሲለቅ ደግሞ የጡቷን ጫፍ አያለሁ። ክብ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ተጨፍልቆ፣ ወይም አንድ ጎኑ ነጥቶ ከወጣ ግን፣ እሷ «ብዙም አያምም» ብትለኝ እንኳ መቁሰሉ አይቀርም።

ይህን ለማየት ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። ተረኛ አዋላጅ ብዙ ሰው እየጠበቃት ይህን ያህል ከየት ታመጣለች? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በየቀኑ የምታገልበት ነው። ሆኖም ያን ጊዜ ያልሰጠናት እናት ከሳምንት በኋላ በቆሰለ ጡት፣ አንዳንዴም መግል በቋጠረ ጡት ትመለሳለች። ያኔ የሚጠይቀው ጊዜ ከሠላሳ ደቂቃ እጅግ ይበልጣል፤ ሕመሙም የእሷ ነው።

ክረምት ላይ አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ልጠይቅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ወተቷ አልመጣም» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው። የዱቄት ወተት ላስገዛ ነው።»

«እማማ፣ ይግዙም አይግዙም ከማለቴ በፊት መጀመሪያ ሲጠባ ልየው» አልኳቸው።

ልጅቱ ግድግዳ ተደግፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ ወደ ጣሪያው ነው፤ ጡት ለመያዝ አንገቱን መጠምዘዝ አለበት። ጡቷ ከመወጠሩ የተነሳ ያብረቀርቃል፤ ጫፉም ከውጥረቱ ጋር እኩል ሆኖ ጠፍቷል። ልጁ አፉን አስጠግቶ ሊይዝ ይሞክራል፤ ይንሸራተትበትና ይጮኻል። እሷም ባስጠጋችው ቁጥር የእግሯን ጣቶች ታጥፋለች። ወተት አልመጣም በተባለበት ቤት ወተቱ ሞልቶ መውጫ አጥቷል።

እጄን ታጠብኩና ብርድ ልብሱን አስፈታሁ። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ጡቷ ላይ አደረገች። ከዚያ በራሷ ጣቶች ጫፉን ከብባ ጥቁሩን ክፍል ወደ ደረቷ ቀስ ብላ ተጫነችው፤ እስኪለሰልስ ድረስ፣ አንድ ደቂቃ ያህል። ትንሽ አለበች። ጠብታው ሲታይ እናቷ «እሰይ!» አሉ። ልጁን ወደ ጎኑ አዙራ ሆዱን ከሆዷ አስገጠመችው።

«አፉን እስኪከፍት ጠብቂው» አልኳት። «ጉርሻ እኮ አፉን ላልከፈተ ሰው አይሰጥም።»

አፍንጫው ከጡቷ ጫፍ ትይዩ ነበር። ከንፈሩን ስታስነካው ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ አፉን በሰፊው ከፈተ። ጡቷን ወደ እሱ አልገፋችም፤ እሱን ወደ ጡቷ ሳበችው። አገጩ ቀድሞ ነካ። «አላመመኝም» አለች፤ ቆየት ብላም «አሁን አላመመኝም» ስትል ደገመችው። እናቷ ጎንበስ ብለው ሲውጥ አዳመጡ። የዱቄት ወተቱ ነገር በዚያው ቀረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጡቷን አልያዝኩትም። የብዙዎቻችን እጅ ቸኩሎ ገብቶ ጡቱን ጨብጦ የልጁን ማጅራት ይገፋል። ማጅራቱ የተገፋ ልጅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ደጋግሞ ከደረሰበት ደግሞ ጡት ገና ሲቀርብለት ማልቀስ ይጀምራል። ከዚያም በላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእኔ እጅ እዚያ ቤት የለም። ማሳየት ካስፈለገኝ በአሻንጉሊት ወይም በታጠፈ ፎጣ አሳያለሁ፤ ልጁን የምትይዘው እሷ ናት። ጥሩ ረዳት ስትሄድ እናትየዋ ሥራውን ብቻዋን መሥራት መቻል አለባት፤ ካልቻለች ገና አልተረዳችም።

«አይጠግብም» የሚለው ፍርሃት ከሁሉም ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚወስደው እንገር ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ለእሱም የሚበቃው ያንኑ ያህል ነው። ወፈር ያለ፣ ቢጫማ፣ በሽታ በሚከላከል ነገር የበለጸገ ስለሆነ ትንሽነቱ ጉድለት አይደለም። ብዛት ያለው ወተት በአብዛኛው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት ልጁ ክብደት መቀነሱም የተለመደ ነው፤ ከተወለደበት ክብደት እስከ አንድ አሥረኛው ሊደርስ ይችላል፤ ወደዚያ ከተጠጋ ግን አጠባቡ እንደገና መታየት አለበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ለእናት ይህን ስነግራት የምትቆጥረውንም አብሬ እሰጣታለሁ። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ጊዜ በደንብ መሽናት፣ ጥቁሩ ሰገራ ወደ ቢጫ መለወጥ። ለቅሶን አትቁጠሪ እላታለሁ፤ ሕፃን የሚያለቅስበት ምክንያት ብዙ ነው።

ወተት የሚመረተው በወጣው ልክ ነው። ልጁ ሲስብ ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ ሁለት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ፕሮላክቲን ወተቱን ያሠራል፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ ያወርደዋል። ጡት ውስጥ ታምቆ የቆየ ወተት ግን ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በጡጦ የተተካ እያንዳንዱ ምግብ፣ በዚያው ሰዓት ወተት ካልታለበ፣ የነገውን ወተት ያሳንሳል። እናትየዋ የፈራችው የወተት ማነስ መጀመሪያ ሳይኖር በጡጦው ምክንያት እውነት ይሆናል።

ይህን ስል ሁሉም ሴት በቂ ወተት አላት ማለቴ አይደለም። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ የሆርሞን ችግር ያለባት ሴት አለች። ልጁ ለመጥባት የማይነቃ፣ ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠፋ ከሆነ፣ ወይም እሷ ትኩሳት ይዟት ጡቷ ላይ ቀይ ትኩስ ቦታ ከወጣ፣ «ታገሺ» የሚል ምክር አደጋ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ተጨማሪ ምግብ የሚያስፈልገው ልጅ ካለ፣ ቀዳሚው የራሷ የታለበ ወተት ነው፤ በንጹሕ ሲኒ ይሰጠዋል። ያም ካልበቃ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል። ያቺን እናት የሚያሳፍር ሰው ረዳት አይባልም። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች፣ ለስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ነው የምንመክራት፤ ለልጁም የመከላከያ መድኃኒት እንሰጠዋለን። እዚህ ላይ ያልተማረ ጎረቤት የሚሰጣት ምክር ብዙ ጉዳት አድርሷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመቶ ሕፃናት 73ቱ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ጀምረዋል፤ 8ቱ ከጡት ወተት በፊት ሌላ ነገር ቀምሰዋል። ከስድስት ወር በታች ካሉት ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን ከመቶ 58 ናቸው። ይህ ቁጥር እኔም በየቤቱ የማየው ነው። አጀማመራችን ጠንካራ ነው። ከወሊድ ክፍል ከወጣች በኋላ፣ የሚያያት ባለሙያ በሌለበት ሳምንትና ወር፣ ውሃው፣ አብሹና ጡጦው ይገባል።

በዚያ ጊዜ ከእሷ ጋር ያሉት እናቷ ወይም አማቷ ናቸው። እነሱን ሳያሳምን የሚወጣ ባለሙያ ድካሙ ከንቱ ነው። ቅቤ ሊያቀምሱ የተዘጋጁ እማማን «ይህ ጎጂ ልማድ ነው» ብዬ ብቆጣቸው፣ እኔ ደረጃውን ሳልወርድ ያቀምሱታል። «ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት፤ እሷ ስትጠነክር ለእሱ ይደርሰዋል» ስላቸው ግን ይሰማሉ። የአራስ ቤታችን ሥርዓት ለጡት ማጥባት ትልቅ ሀብት ነው። አጥሚቱ ይፈላል፣ እንግዳው በሌላ ሰው ይስተናገዳል፣ አራሷ ልጇን አቅፋ ትተኛለች። ብዙ አገር ይህን አጥቶ በገንዘብ ይገዛል። ሲጠባ ሳይ አያትየዋን ከአጠገቤ አስቀምጬ የአገጩን እረፍት አብረን የምንጠብቀው ለዚህ ነው፤ እኔ ስሄድ የሚያዩት እሳቸው ናቸውና።

ነፍሰ ጡር ሴቶች «ጥሩ የሚረዳኝ የት አገኛለሁ?» ይሉኛል። ከመውለድሽ በፊት ጠይቂ እላቸዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጧቸውና በ2018 የታደሱት፣ ጡት ማጥባት እንዲሳካ የሚረዱ አሥር እርምጃዎች አሉ፤ የምትወልጂበት ቦታ ይከተላቸዋል ወይ? ልጁ እንደተወለደ እርቃኑን ደረትሽ ላይ ያደርጉታል? ሌሊት ከአንቺ ጋር ያድራል? ከወጣሽ በኋላ በሦስተኛው ቀን ማን ያይሻል? ሦስተኛው ቀን ወተት የሚሞላበት፣ ብዙ ቤት የሚጨነቅበት ቀን ስለሆነ ይህን ጥያቄ አትለፊው። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ድረስ ስለሚመጡ ስልካቸውን አስቀድሞ መያዝ ጥሩ ነው። የዱቄት ወተት ናሙና በነፃ የሚሰጥሽ ባለሙያ ካለ ተጠንቀቂ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዓለም አቀፍ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ለእናቶች ናሙና መስጠትን የሚከለክለው ያለምክንያት አይደለም። እንዲህም ሆኖ ዋናው መለኪያዬ አንድ ነው። ሲጠባ ሳታይ ክሬም፣ ሻይ ወይም ጡጦ የምታዝልሽን ሴት ትተሽ ሌላ ፈልጊ።

ከውጭ የሚደውሉልኝ እናቶችም አሉ፤ የራሳቸው እናት ቪዛ ሳታገኝ ቀርታ ከባል ጋር ብቻ አራስ የሚሆኑ። በስልክ ምስል የምችለውን አያለሁ፤ ነገር ግን ሰው በአካል ሊያያቸው ይገባል። አሜሪካ ያሉትን ዊክ በሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ፕሮግራም በኩል ራሳቸው አጥብተው የሠለጠኑ አማካሪ እናቶች እንዳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረትም አብዛኛው ኢንሹራንስ የጡት ማጥባት እርዳታንና የማለቢያ መሣሪያን እንደሚሸፍን እነግራቸዋለሁ። እስራኤል ያሉት ጢፓት ሐላቭ የሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷን ይጠይቁ። ቋንቋው ከከበደ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የእኛን አገር ሠራተኛ እናት ሌላ ስሌት ይጠብቃታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ 6 ወር ነው። ቀሪውን ሦስት ወር የሚያሻግራት በእጅ ማለብ ነው፤ የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ቤት የምትቀረው ሴትም በሲኒ መስጠትን መለማመድ አለባት። ብዙዎች ይህን የሚጠይቁኝ ሥራ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ተጨንቀው ነው። ስለዚህ በ45ኛው ቀን ለክትባት ስትመጣ፣ መርፌው ተወግቶ ልጁ ጡት ይዞ ዝም ሲል፣ «ሥራ መቼ ትገቢያለሽ? መሥሪያ ቤትሽ በር የሚቆለፍ ክፍል አለው?» እላታለሁ፤ አስተላለቡንም እዚያው ወንበር ላይ አሳያታለሁ።