ለተቀባዩ ቦታ መተው

የሙዚቃ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተጋደመ ሕመምተኛና አጠገቡ ሆኖ የሚደረድርለት ባለሙያ ነው። ሳኦልን ከያዘው መንፈስ ያሳረፈው የዳዊት በገና እንደሆነ ያደግንበት ታሪክ ስለሆነ አይፈረድብንም። እኔ ሐዋሳ ላይ በምሠራው ሥራ ግን ሕመምተኛው ዝም ብሎ ካዳመጠኝ ገና አልጀመርኩም ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምቀመጠው ስትሮክ ንግግር ከነሳቸው ሰዎች ጋር ነው። የሚባሉትን ይሰማሉ፣ ሊሉ የፈለጉትን ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን አልወጣ ይላቸዋል። እነዚሁ ሰዎች የልጅነት ዜማ ሲጀመርላቸው ግጥሙን አጥርተው የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ቤተሰቡ «ተፈታለት!» ብሎ እልል ይላል። አልተፈታም። ንግግር በአብዛኞቻችን ዘንድ በግራው የአንጎል ክፍል ላይ ያዘነበለ ነው፤ ዜማ ግን ቀኙንም ያሳትፋል። ሰውየው በቃሉ ያጠናውን ዘፈን ዘፈነ እንጂ ውኃ ሲጠማው «ውኃ ስጡኝ» ማለት አልቻለም።

ቦስተን የነበሩ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 1973 ያስተዋወቁት ዘዴ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። «ውኃ ስጡኝ» የሚለው በሁለት ድምፅ ብቻ፣ ከፍና ዝቅ እያለ ይዜማል፤ በየቀለሙ የሕመምተኛው ግራ እጅ ጠረጴዛውን መታ ያደርጋል። መጀመሪያ አብረን እንላለን፣ ቀጥሎ እኔ መሐል ላይ አቋርጣለሁ፣ በኋላ እሱ ብቻውን ይላል። ዜማው እየሳሳ ይሄድና ንግግሩ ብቻ እንዲቀር ነው የሚፈለገው።

ከባዱ ያ ማቋረጥ ነው። መድረክ ላይ ያደግን ሰዎች ዝምታ ያስፈራናል፤ ሕመምተኛው ሲዘገይ ቶሎ እንሞላለታለን። እኔ የክራሩን ክሮች በመዳፌ አፍኜ እጠብቃለሁ። ልጆቹም ከጎን ሆነው እንዳይመልሱለት አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ፍቅራቸው ብዙ ጊዜ አፉን የሚዘጋበት እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ከሩቅ ይምጣ እንጂ አውራጅና ተቀባይ ለኛ እንግዳ አይደለም። በ2015 እ.አ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲከበር እዚሁ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ወርዶ የቄጣላን ጭፈራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የተቀባዩ ድርሻ አጭር፣ ተደጋጋሚና የታወቀ ስለሆነ አፉ የተሳሰረ ሰው እንኳ የሚገባበት በር ያገኛል።

የትኛው ዜማ? ሐዋሳ ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በአማርኛ ሲያስተምር የኖረ መምህር መጀመሪያ የሚቀበለው በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ የሰማውን የእናቱን ዜማ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ የጴንጤ ቤት ዘፈን ማንሳት ነውር ነው፤ መዝሙር ይዤ እገባለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ የኦርቶዶክስ ቤት የሚመርጠው በገናን ነው፤ የአሥሩ አውታር ነዛሪ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ደግሞ ለተረበሸ ሰው ይስማማል። ትዝታን ግን ሳልጠይቅ አልጀምርም። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ሊያሳርፈው እንደሚችል ሁሉ ቁስሉን ሊቀሰቅስበትም ይችላል።

እግሩን ለሚጎትት ሰው ክራሩን ትቼ ከበሮ እይዛለሁ። ምቱን በመጀመሪያ በራሱ እርምጃ ልክ አደርጋለሁ፣ ከዚያ በጥቂቱ አፈጥነዋለሁ፤ ይህን ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አጠገባችን ካልቆመ አልሞክረውም።

ሙዚቃ ሁሉን ያድናል የሚሉትን አልወዳቸውም። የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠን ሰው ክራር ከሁለተኛ ስትሮክ አያድነውም። ፊቱ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ወይም አፉ የተሳሰረ ሰው ስታዩ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወደ እኔ ዓይነቱ ባለሙያ የምትመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስትመጡም ሕመምተኛው ልጅ ሳለ ምን ያዜም እንደነበር ታላላቆቹን ጠይቃችሁ ኑ።