ከማርች 8 ማግስት

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪ ነኝ። ማርች 8፣ የሴቶች ቀን፣ ሲደርስ የምናቀርበው ግጥምና ጭውውት ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎቹም ይወዱታል። ሥራው የሚጀምረው ግን በማግስቱ፣ የሴቶች መፀዳጃ ቤት በር ከውስጥ ይዘጋል ወይ ብሎ ከመጠየቅ ነው።

በሩ መቀርቀሪያ ከሌለው አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ጠባቂ ጓደኛ የሌላት ቤቷ እስክትገባ ችላ ትውላለች፤ ውኃም አትጠጣም። የወር አበባዋ ሲመጣ ከነጭራሹ ትቀራለች። «የሴት ተማሪዎች ደኅንነት ይጠበቅ» ብዬ ብጽፍ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል። «ለአራት በሮች መቀርቀሪያ፣ ለእጅ መታጠቢያ አንድ በርሜል ይገዛልን» ስል ግን ርዕሰ መምህሩ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት። እምቢ ካለ ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አቀርባለሁ። የክፍል አለቃ ሁልጊዜ ወንድ፣ ጠራጊ ሁልጊዜ ሴት የሚሆንበት ልማድማ ተራ በማውጣት ይስተካከላል፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ስም መጥሪያን በጥሞና የሚያይ መምህር ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቃል። በእኛ አካባቢ ጥር የሰርግ ወር ነው። ከገና በኋላ መቅረት የጀመረች ልጅ ካለች ዛሬ ነገ አልልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። አባትየው ዘንድ ስሄድ ግን ወሬዬን በሕግ አልጀምርም። «አባቴ፣ ልጅዎ በሒሳብ የሚቀድማት የለም፤ ምነው ቀረችብን?» እላለሁ። በልጁ የተመሰገነ አባት ቁጭ ብሎ ያነጋግራል። ጠላው ከተጠመቀ፣ ቀኑ ከተቆረጠ ግን ልመና ይበቃል፤ ያኔ ብቻዬን ሳልሆን ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች ጋር እሄዳለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ነገር ነው። ዓርብ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በከሰዓት ፈረቃ የሚማሩት ከግቢ ሲወጡ ይመሻል። መንገድ ላይ የሚደርስባቸውን ትምህርት ቤቱ «ከግቢ ውጭ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ፈረቃውን የመደበው ትምህርት ቤቱ ነውና።

አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አትናገርም?» ስትለኝ ቃል አልገባላትም። «ለሚመለከተው መንገር ሊኖርብኝ ይችላል፤ ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ» እላታለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ለምን በዚያ ሄድሽ ብዬ አልጠይቅም። ቃሏን እንዳለ እጽፋለሁ። «ደረቴን ያዘኝ» ካለች «ትንኮሳ ደረሰባት» ብዬ አላሳምረውም፤ መርማሪው የሚፈልገው የእሷን ቃል ነው። የመደፈር ጥቃት ከሆነ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳትለውጥ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ወዲያው ሽማግሌ ይመጣል። «የአገር ልጅ ነው፣ በእርቅ ይለቅ» ይላል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ለድንበርና ለዕዳ ይሁን። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ያ በር የተዘጋው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙዎች ስለሞገቱ ነው። ሕጉ የዘጋውን በር በእርቅ ስም መልሰን መክፈት የለብንም።

አጥፊው መምህር ሲሆን ደግሞ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሕጉ ግን ተማሪውን የደፈረ መምህርን ከሌላው አጥፊ አክብዶ ነው የሚቀጣው። እኛ ዘንድ የሚቀናው ዝውውር ነው። ዝውውር ሰውየውን ስሙን ወደማያውቁ ልጆች መላክ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ በዓመቱ አጋማሽ በድንገት ተዛውሮ የመጣ መምህር ሲያጋጥማችሁ ለምን እንደተዛወረ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።