የእንግሊዝ የሕግ ታሪክ በነፃ ሲነበብ፣ ፍትሐ ነገሥታችንስ?

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ከሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ሆኖም እዚህ አሜሪካ ለጁሪነት እንድቀርብ መጥሪያ ከደረሰኝ ወዲህ፣ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች በሌላው ሰው ጉዳይ ላይ እንዲፈርዱ የሚያደርገው ሥርዓት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጓጓሁ። የጠየቅኋቸው የሕግ ሰዎች አንድ ስም ጠሩልኝ፤ ቴዎዶር ፕላክኔት። «የኮመን ሎው አጭር ታሪክ» የሚለው መጽሐፋቸው መጀመሪያ የታተመው በ1929 ሲሆን (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አምስተኛውና የመጨረሻው እትም በ1956 ወጥቷል። «አጭር» የተባለው ከ700 ገጽ በላይ ነው፤ እንግሊዞች ሳይስቁ ይቀልዳሉ የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

«ምን አስለፋህ? ኢንተርኔት ላይ ተዘርግፎ የለም ወይ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ተዘርግፏል። ነገር ግን አንዱ የላከልኝ ፋይል የርዕስ ገጽ የለውም፤ የትኛው እትም እንደሆነ አይታወቅም፤ መሐል ላይም ገጾች ጎድለዋል። እኛ መሐንዲሶች የእትም ቁጥር በሌለው ፕላን ግንብ አናቆምም። በዚያ ላይ፣ የሰው ንብረት እንዴት በሕግ እንደተከበረ የሚተርክ መጽሐፍ ሰርቆ ማንበብ ለሰሚውም ግራ ነው።

ሕጋዊው መንገድ ግን ከገመትኩት ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ አገኘሁት። የ1929ኙ እትም የታተመው እዚሁ አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ነው። በአሜሪካ ሕግ የዚያ ዘመን መጽሐፍ ጥበቃ ቢበዛ 95 ዓመት ስለሆነ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ነው። ፕላክኔት የሞቱት በ1965 ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ከደራሲው ሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆጥር እዚያ እስከ 2035 ማብቂያ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን እንደልቡ የሚያባዛውን መጽሐፍ ለንደን ያለችው እኅታችን ብታባዛው ትጠየቃለች! የ1956ቱን እትም ግን ያኔ ኢንዲያናፖሊስ ይገኝ የነበረው ሊበርቲ ፈንድ የተባለ ድርጅት በ2010 እንደገና አሳትሞ፣ ሙሉውን በኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ለማንም በነፃ አስቀምጦታል። የፖሎክና የሜትላንድ ታላቁ ሥራም (የ1898ቱ ሁለተኛ እትም) እዚያው አለ፤ የሁለት ሰው ስም ይሸከም እንጂ አብዛኛውን የጻፉት ሜትላንድ ናቸው።

ወደ መጽሐፉ ልግባ። ፕላክኔት ጁሪን የሕዝብ ነፃነት ልጅ አድርገው አያሞካሹትም። ሥሩ የፍራንክ ነገሥታት ጎረቤትን አስምለው የሚያጣሩበት ሥርዓት ነው፤ ኖርማኖች ይዘውት ተሻገሩ ይላሉ። በ1166 ሁለተኛው ሄንሪ በክላረንደን ባወጣው ድንጋጌ ከየወረዳው አሥራ ሁለት ሰዎች ምለው በወንጀል የሚጠረጠረውን እንዲናገሩ ታዘዘ። የጥንቱ ጁሪ ማስረጃ ሰምቶ የሚፈርድ ሳይሆን ራሱ ነገሩን ያውቃል የተባለ የመንደር ሰው ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ አፈርሳታን አሰብኩ። አገሬው ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከልክሎ፣ «ወፍ» የተባለው ሰው በስውር የሚናገርበት አውጫጭኝ! እንግሊዝ የመንደሩን ምስክር ቀስ በቀስ ፈራጅ አደረገችው፤ የእኛ ወፍ ወፍ ሆኖ ቀረ። ለምን? ይህን ጥያቄ ካነበብኳቸው መካከል ያስነሳብኝ የፕላክኔት መጽሐፍ ብቻ ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አንባቢው የእንግሊዝን ነገሥታት ከነተራቸው ያውቃል ብሎ ይጀምራል፤ ግርጌ ማስታወሻው በላቲን የታጨቀ ነው። የመሬት ሕጉን ክፍል ደግሞ ሚልሶም በ1969 ባወጡት መጽሐፍ በሌላ ዓይን ስላዩት፣ ፕላክኔትን ብቻ አንብቦ በመሬት ታሪክ መከራከር አያስኬድም።

የሚያንገበግበኝ ወደ ቤታችን ስንመለስ ነው። ፍትሐ ነገሥትን ጠቅሶ የማይከራከር አበሻ የለም፤ ያነበበው ግን ስንቱ ነው? የጣሊያኑ ሊቅ ኢኛሲዮ ጉዪዲ የግእዙን ንባብ በ1897፣ የጣሊያንኛ ትርጉሙን በ1899 ሮም ላይ አሳተሙ፤ እሳቸው በ1935 ስለሞቱ ሥራቸው በአገራቸው ሕግ እንኳ ነፃ ከሆነ ቆይቷል። አባ ጳውሎስ ፃድዋ (በኋላ ካርዲናል የሆኑት) ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1968 አሳተመው፤ በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ዳግም ታተመ። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ካርዲናሉ ያረፉት በ2003 ነው፤ ቁጥሩን ራሳችሁ ደምሩት። ጣሊያንኛ የሚያውቅ በነፃ ያነባል፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው የባሕር ዳር ወይም የጅማ የሕግ ተማሪ በዶላር ይግዛ ማለት ነው።

ያው አዋጅ የሕግ ጽሑፎችን ራሳቸውን ከጥበቃ ውጭ አድርጓል፤ ነጋሪት ጋዜጣን ማባዛት ማንንም አያስጠይቅም። ስለዚህ ችግሩ የሕጉ ጥብቅነት ብቻ ነው የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የፕላክኔት መጽሐፍ ጊዜው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ የተለቀቀው አንድ ድርጅት ወጪውን ችሎ ለአንባቢ ስላሰበ ነው። በየዓመቱ ለእግር ኳስ ውድድራችን አዳራሽና ሜዳ የሚከራየው ማኅበረሰባችን የአንድ መጽሐፍ ፈቃድ ለመግዛት ገንዘብ አያጣም። መብቱን ለያዙት ወገኖች ደብዳቤ ጽፎ «ስንት ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ኮሚቴና አንድ ቴምብር ነው።